«ንጹሕ ነው ወይ?»

«ንጹሕ ነው ወይ?» አሉኝ እትዬ ኡሙልኸይር፣ ጣት የምታክል ቡናማ ጠርሙስ ወደ ዓይኔ አስጠግተው።

ኒው ዌስት በሚባለው የከተማው ሰፈር፣ ትራም ፌርማታው ላይ ቆመናል። የአገሩን ቋንቋ፣ ደችን፣ ስለማያነቡ ጽሑፉን እንዳነብላቸው ነው የፈለጉት። ተቀብዬ አየሁት፤ የባሕር ዛፍ ዘይት ነበር። ከሥሩ «መቶ በመቶ ንጹሕ» ይላል።

«አዎ፣ ንጹሕ ነው» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ! አንቺማ ቃልሽንም በጠብታ ነው የምትሰጪው» ብለው ሳቁብኝ።

ትራሙ መጣ። በሩ ሲዘጋ ከኋላዬ «ለመህዲ ነው፤ አፍንጫው ታፍኖ ጡጦ አልይዝ ብሎ...» ሲሉ በግማሽ ልብ ሰማሁ። እጄን አወዛውዤላቸው ተቀመጥኩ።

እኔ የምኖረው ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ዲመን ነው፤ መንገዱ ረጅም ነው። ውጭ ጭጋግ ነበር። ቦዩም ዛፎቹም ብስክሌተኞቹም በአንድ ውሃ የታጠቡ ይመስል መልካቸው ለቋል። ጠርሙሱን የያዝኩባት ጣቴ ትሸታለች። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋኋትና ዓይኔን ጨፈንኩ።

ደብረ ብርሃን ነኝ፤ ጉንፋን ይዞኛል። እናቴ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ፣ እንፋሎቱ ላይ አስጎንብሳ በጋቢ ሸፍናኛለች። ከጋቢው ሥር ሞቃት፣ አረንጓዴ የሚመስል ጨለማ አለ። የእናቴ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል። ቀጥላ ዳማከሴ በሁለት ጣቷ አሽታ፣ ጭማቂውን አፍንጫዬ ውስጥ ጠብ ታደርጋለች። «አይዞሽ፣ ንጹሕ ቅጠል ነው፤ ምንም አያደርግሽም።»

ዓይኔን ገለጥኩ።

እትዬ «ንጹሕ ነው ወይ?» ሲሉኝ «አይጎዳም ወይ?» ማለታቸው ነበር። እኔ «ንጹሕ ነው» ስል ግን «ሌላ ነገር አልተቀላቀለበትም» ማለቴ ነበር። መህዲ ደግሞ የልጃቸው የኑስራ ልጅ ነው፤ ገና አራት ወሩ። የማጠናው የዕፅዋት ኬሚስትሪ ነው። ይህ ዘይት ሕፃን አፍንጫ ውስጥ ቢገባ ትንፋሹን ሊያሳጥረው እንደሚችል ፈተና ላይ ጽፌ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

ስልካቸው የለኝም። ቤታቸውን ግን በረመዳን ለኢፍጣር ጠርተውኝ አውቀዋለሁ። በሚቀጥለው ፌርማታ ወርጄ በመልሱ ትራም ተሳፈርኩ። ትራሙ በሕልም እንደሚሮጥ ሰው ሆነብኝ፤ ይሮጣል፣ አይደርስም።

እትዬ በሩን የከፈቱልኝ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው ነው። ከክንዳቸው ውሃ ይንጠባጠባል።

«ምነው ልጄ፣ ምን ረሳሽ?»

«ጠብታውን... አደረጉለት?»

«ገና ነው፤ ዉዱእ አድርጌ ዐስርን ልስገድና ብዬ ነው እንጂ፣ ይኸው ተዘጋጅቷል።»

ጠርሙሱ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ጥጥ አለ። መህዲ ሶፋው ላይ ተኝቶ አፍንጫው ሲር ሲር ይላል። ከትልቅ ሰው ቤት ሳላስፈቅድ ዕቃ አንስቼ አላውቅም። ያን ዕለት አነሳሁ፤ ክዳኑንም አጠበቅኩት።

«እንዴ! ራስሽ ንጹሕ ነው አላልሽም?»

«ብያለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይህ እንደ ዳማከሴ ጭማቂ አይደለም፣ እትዬ። የአንድ ፌስታል ቅጠል ኃይል በእንፋሎት ወጥቶ እዚህች ውስጥ ገብቷል። ለሕፃን በአፍንጫውም፣ በፊቱም፣ በሚተኛበት አጠገብም አይሆንም። አዋቂም ቢሆን ሳያቀጥነው አይቀባውም፤ አይጠጣውም።»

«ንጹሕ ሆኖ?»

«ሚጥሚጣም እኮ ንጹሕ ነው።»

ክንዳቸው ላይ የነበረው ውሃ ምንጣፉ ላይ ጠብ አለ።

«ያ ረቢ! ሚጥሚጣ ላደርግለት ነበር?» አሉና ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው የመህዲን እግር ያዙ። ሳቅ ጀምረው ነበር፤ መሐል ላይ ተሰበረባቸው። ቆይተው በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ይህን ሁሉ ቃል የት ደብቀሽው ኖሯል፣ አንቺ ልጅ?»

ስልኬን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

ስልክ መደወል እፈራለሁ። ለሰፈሩ ሐኪም፣ ለሁይስአርትሷ የደወልኩት ግን እኔ ነበርኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መህዲን ወሰድነው። ሐኪሟ ደረቱን አዳምጣ ደህና ነው አለችን፤ ለአፍንጫውም የጨው ውሃ ጠብታ ሰጠችን። ኑስራ ከሥራ ስትመለስ ልጇ ጡጦውን ጨርሶ ተኝቶ ነበር።