ሁለቱ ብልቃጦች

ዶክተር ሰይፈሥላሴ «ጠርጥር፣ ከገንፎ መሃል አይታጣም ስንጥር» የሚለውን ተረት እንደ ዳዊት የሚደግም ሰው ነው። ሆሳዕና ከተማ ገብቶ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመረ ዘመን ቢያልፈውም፣ ማንንም ከልቡ አምኖ አያውቅም።

ከባልደረባው ከጵርስቅላ ጋር ወራት ፈጅተው ያሳደጓቸው ክሪስታሎች አንዲት ትንሽ ብልቃጥ እንኳ አይሞሉም። ጥቁር፣ ቀጭን፣ ፀጉር የመሰሉ ናቸው። ከካርቦን ተሠርተው እንደ ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ኤሌክትሮኖቹ ውስጣቸው የሚመላለሱት በአንድ መስመር ብቻ ነው፤ ብርቱ ማግኔት ሲያገኛቸው ግን ደቦ እንደወጣ ሰው አንድ ላይ መወዛወዝ አለባቸው። ያን የሚያሳየው ማግኔት ያለው ባሕር ማዶ ነው። ጵርስቅላ ስንት ዓመት ደጅ ጠንታ ተራ አገኘች፤ ይህ ካመለጣት ሌላ የላትም።

ልትጓዝ ጥቂት ቀን ሲቀራት በስልክ ስታንሾካሹክ ሰይፈሥላሴ ሰማት። «እሁድ ይዤው ጃጁራ እመጣለሁ፤ ዶክተሩ ብቻ እንዳይሰማብኝ።»

በቃ! ልትሸጠው ነው። ሰውዬው ጊዜ አላጠፋም። ከገዛ ጺሙ ቆረጥ ቆረጥ አድርጎ ሌላ ብልቃጥ ውስጥ ከተተና በቦታው አስቀመጠ፤ እውነተኛውን ኪሱ ደበቀ። «ገዢው ጺሜን ይመርምር!» አለ፣ በብልጠቱ እየተደሰተ።

እሁድ ተከትሏት ከሆሳዕና ወጣ ብላ ወዳለችው ጃጁራ ሄደ። የገባችው ግን ጸሎት ቤት ነው። በመስኮት ቢያይ፣ ብልቃጡን ይዛ ተንበርክካለች፤ ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነውባታል፤ ጉባኤው አንድ ላይ እየተወዛወዘ ይጸልያል። እዚህ አገር መንገደኛ ከነጓዙ ሳይጸለይለት አይሸኝም።

«ጌታ ሆይ፣ ዶክተር ሰይፈሥላሴንም ባርክ፤ የእሱም ልፋት ነው» አሉ አንዱ ሽማግሌ። እፍረቱ አጥንቱ ድረስ ገባ።

ስትወጣ አየችው። «ውይ ዶክተር! ሊሸኙኝ መጡ? እንዳይስቁብኝ ፈርቼ እኮ ነው የደበቅኩዎት።»

ወደ ቦሌ የሚወስዳት መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃታል። እሱ ኪሱ ውስጥ ብልቃጡን ጨብጧል።

«ጵርስቅላ…»

«አቤት?»

«በሰላም ግቢ።»

በሳምንቱ ደወለች። ድምፅዋ በለቅሶ ታፍኗል። «ዶክተር፣ በማጉያ ሳየው ፀጉር ነው! ሰርቀውናል። ተራዬም አለፈ።»

እሱ ኪሱ ውስጥ ያለውን ብልቃጥ ዳበሰ።

«እኔ ሰው መጠርጠር አልችልበትም፤ እርስዎ ግን ያውቁበታል» አለችው። «እስቲ ይንገሩኝ፣ ማንን ልጠርጥር?»