የፊሽካ አውራ ጣት

ሰፈሩ ሁሉ «ፊሽካ» ይለዋል። በደህናው ጊዜ የዋና ውድድር ዳኛ ነበር። አሁን ፀጉሩ ገብስማ ሆኗል፣ ፊሽካውም መሳቢያ ውስጥ ከተጣለ ቆይቷል፤ ቅጽል ስሙ ግን እንደ ጥላው ተከትሎት ቀረ።

ከጡረታ በኋላ የያዘው ሱስ አንድ ብቻ ነው፤ የድሮ የስፖርት መጻሕፍት መሰብሰብ። የቦክስ መመሪያው፣ የብስክሌት ውድድር ታሪኩ፣ ሽፋኑ የረገፈው የጂምናስቲክ ማስተማሪያ፣ ማንም የማያስታውሳቸው ክለቦች መጽሔት ሳይቀር ሳሎኑን ሞልተው ወደ መኝታ ቤት ዘልቀዋል። ባለቤቱ ታዲያ አትምረውም።

«ቆይ ብቻ፣ እነሱ አልጋው ላይ፣ እኔና አንተ በረንዳ ላይ የምንተኛበት ቀን ይመጣል። ለመሆኑ አንዱን እንኳ አንብበኸዋል?»

«መጽሐፍ ሁሉ ለንባብ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ኖሯል? ለትራስ?»

ከሁሉም የሚሳሳላት አንዲት ቀጭን ሰማያዊ መጽሐፍ ነበረች። ስለ ዋና የተጻፈች ናት፤ የጻፏትም እሱን ራሱን ከውኃ ጋር ያስተዋወቁት አሰልጣኝ ናቸው። ፊሽካ ገና እግሩን ውኃ ሳያስነካ አንድ ክለብ አሳትሟት፣ ብዙም ሳትቆይ ከገበያ ድራሿ ጠፋ። ስሟን ብቻ እየሰማ ዘመኑን ሲፈልጋት ኖሮ፣ በመጨረሻ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ፣ ከልብስ ስፌት መኪና መመሪያዎች ክምር ሥር አገኛት። ያን ዕለት ቤቱ የገባው ሙሽራ ይዞ እንደሚገባ ሰው እየተጠነቀቀ ነው። ከሚያውቃቸው ሰብሳቢዎች ሁለተኛ ቅጂ አየሁ ያለ የለም። ለምን እንዲህ ብርቅ እንደሆነች ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ ፊሽካም ቢሆን ብርቅነቷን እንጂ ምክንያቱን ጠይቆ አያውቅም።

የመጽሐፏ ወገብ ደርቋል። ዘርግተው ቢከፍቷት ትሰበራለች። ስለዚህ ፊሽካ እጁን ታጥቦ፣ አድርቆ፣ ገርበብ አድርጎ ብቻ ይከፍታትና የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጥቂት ገጾች አጮልቆ አይቶ ወደ ቁም ሣጥኑ ይመልሳታል። በቁም ሣጥኑ አጠገብ እርሳስ ይዞ ማለፍ ክልክል ነው።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው የእህቱ ልጅ የመጣው። ልጅ እንኳ አይባልም፤ የራሱ ኮፒ ቤት ያለው፣ ምላሱ እንደ ማሽኖቹ የማያርፍ ጎልማሳ ነው።

«አጎቴ፣ ቤቱ ቢቃጠልስ? ቧንቧ ቢፈነዳስ? ለመጠባበቂያ አንድ ኮፒ ይኑራት፤ ሳይቃጠል በቅጠል።»

ፊሽካ ሳምንት ሙሉ ሲያንገራግር ቆይቶ እሺ አለ። ማሽን ላይ መጫኑን ግን አልፈቀደም። ገርበብ ያለችውን መጽሐፍ ራሱ በሁለት እጁ ይዞ፣ ልጁ ከላይ በካሜራ እያነሣ ገጽ በገጽ ጨረሱ። አንዱ ስለ ወገቧ፣ ሌላው ስለ መብራቱ ሲጨነቅ፣ የተጻፈውን ያነበበ ከሁለቱ ማንም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ጥቂት ወራት አልፈው፣ አንድ ጠዋት ፊሽካ እንደ ልማዱ ወደ መዋኛው ሲሄድ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ወጣት ዋናተኛ ተቀምጣ ታነባለች። ሽፋኑ ሰማያዊ ነው። ርእሱን ሲያይ ልቡ ዘለለች። ሁለተኛ ቅጂ! ከኋላዋ ቀረብ ብሎ አጎነበሰ። ከገጹ ጥግ ከጽሑፉ ጋር አብሮ የተነሣ አንድ አውራ ጣት ተኝቷል፤ ጥፍሩ እንደ ባቄላ ለሁለት የተሰነጠቀ። የገንዳው ብረት በር በወጣትነቱ የሰነጠቀው የራሱ ጣት ነው።

«ልጄ፣ ይቺን ከየት አመጣሻት?»

«ከኮፒ ቤቱ ነዋ አባባ። ሁላችንም ገዝተናል።» ሳቅ አለች። «‹ባለ ጣቱ› ነው የምንለው። ጣቱ የማን እንደሆነ ግን እግዜር ይወቀው።»

ፊሽካ እጁን ቀስ ብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ኮፒ ቤቱ ነው የሄደው።

«ኧረ አጎቴ! ግባ፣ ሻይ ልዘዝልህ።»

«ሻይህን ራስህ ጠጣው። ጣቴን መልስልኝ።»

ልጁ አንድ ጊዜ የአጎቱን ፊት፣ አንድ ጊዜ በመደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ሰማያዊ ሽፋኖች አየና ራሱን አከከ።

«አንድ ዋናተኛ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። እሱ ለጓደኞቹ አወራ። ልጆቹ እኮ መጽሐፍ የላቸውም።»

«ሸጥክ እንጂ መቼ ሰጠህ?»

«ወረቀት ከሰማይ አይዘንብልኝም። ደግሞ አንተ ምን ጎደለብህ? ሙሽራህ እዚያው ቁም ሣጥንህ ውስጥ ናት፣ ጫፏን የነካት የለም።»

«የእኔ ነገር አይደለም። የጻፉትን ሰውዬ ጠይቀሃል?»

«አሉ እንዴ?» አለ ልጁ ከልቡ ደንግጦ። «እኔማ የድሮ ሰው ሲባል... ታዲያ አንተስ ጠይቀሃቸዋል? ቆልፈህ ማንም እንዳያነባት ያደረግከው አንተ፣ አባዝቼ ሰው እንዲማርባት ያደረግኩት እኔ። ማን ነው በዳዩ?»

አሰልጣኙ በሕይወት አሉ፤ ከድልድዩ ማዶ ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። መጽሐፏን ካገኘ ጀምሮ ስንቴ ወስጄ ላሳያቸው ብሎ ተነሥቶ ስንቴ ከደጅ ተመልሷል። «ለእኔ ተዋት» ቢሉትስ? እምቢ አይላቸው ነገር አሰልጣኙ፣ እሺ አይላቸው ነገር መጽሐፏ። ስለዚህ በስልክ ሰላም እያለ ዓመታትን አሳለፈ።

«በል ሱቅህን ዝጋ» አለ በመጨረሻ። «እሳቸው ይፍረዱን።»

አሰልጣኙ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው በመስኮቱ በኩል የጎረቤትን የተሰጣ ልብስ ሲመለከቱ ሁለቱ ደረሱ። ሰውነታቸው ቢያልቅም ትከሻቸው አሁንም ሰፊ ነው።

«አንተ ፊሽካ! እግርህ ተሰብሮ ነበር እንዴ? ይኸስ ማነው?»

«የእህቴ ልጅ ነው ጋሼ። ጥፋት አጥፍተን ነው የመጣነው።»

«ሁለት ሆናችሁ? ደግ ነው፣ አንዱ ቢክድ ሌላው ይመሰክራል።»

ፊሽካ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለችውን ፈትቶ ሰጣቸው። ሽማግሌው ሽፋኗን ባዩ ጊዜ ፈገግታው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ለካ አንዷ አምልጣኛለች» አሉ።

«እንዴት አመለጠች ጋሼ?»

«ሌሎቹን እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው። ከቤት ቤት እየዞርኩ፣ ሰው እየለመንኩ።» መጽሐፏን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «አራተኛውን ምዕራፍ አላነበብከውም?»

ፊሽካ ባለቤቱ ትዝ አለችውና አንገቱን ደፋ።

«ከመጥለቃችሁ በፊት ቶሎ ቶሎ እየማጋችሁ ተንፍሱ፣ ከዚያ ደረታችሁ እስኪቃጠል ሥር ቆዩ ብዬ ጽፌያለሁ። ያኔ ሳንባ የሚያጠነክር ይመስለኝ ነበር። አንድ ጎበዝ ተማሪዬ እንዳልኩት አደረገ። ገንዳው ወለል ላይ ተኝቶ አገኘነው። ተረፈ፣ እግዜር ይመስገን። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በገንዳዬ ትንፋሽ የሚያፍን ካየሁ...»

«...‹ወጥቶ ይሂድ!›» አለ ፊሽካ ሳያስበው። እሱን ባሠለጠኑበት ዘመን ይህ ጩኸት በየቀኑ ነበር። ለምን እንደሚጮኹ አሁን ገባው። መጽሐፏን ብርቅ ያደረጋት ምን እንደሆነም አብሮ ገባው።

«ፍቀድልኝ እንግዲህ፣ ቀድጄ ላሳርፋት» አሉ ሽማግሌው፤ ጣታቸው ገጹን መፈለግ ጀምሯል።

ይህን ጊዜ ነው የእህቱ ልጅ የተነፈሰው። «ጋሼ... የእኔዎቹስ?»

«የአንተ የትኞቹ?»

ነገራቸው። ለማን እንደሸጠ፣ ገዢዎቹ በሙሉ ዋናተኞች መሆናቸውን፣ አንዱንም ሳይደብቅ ነገራቸው። ከወጥ ቤት ሴት ልጃቸው ሣህን ስታስቀምጥ ይሰማል።

«መሸጥህ አይደለም ያናደደኝ» አሉ አሰልጣኙ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ብትጠይቀኝ ይህን ሁሉ እነግርህ ነበር። መጽሐፍ የጻፈ ሰው የት ላይ እንደተሳሳተ የሚያውቀው እሱ ነው። ባለቤቱን ጠይቁ የሚባለው ለዚህ እንጂ ለድርሻ ብቻ መሰለህ?» ከዚያ ወደ ፊሽካ ዘወር አሉ። «በል አንተ ወስን። ይቅደዷት ካልክ እቀድዳታለሁ፤ አይሆንም ካልክም ንብረትህ ናት።»

ፊሽካ መጽሐፏን ተቀብሎ በእጁ ያዛት። ሙሉ ናት፣ ንጹሕ ናት፣ ከሷ ሌላ የለችም። ቢቀደድ ምዕራፉ ከዚህ ይጠፋል፤ በልጆቹ ቦርሳ ውስጥ ያለው ግን እንዳለ ነው። የተቀደደ ገጽ ደግሞ አፍ የለውም፤ ለምን እንደጠፋ አይናገርም። ባይቀደድም፣ ንጹሕ ሆና ከቁም ሣጥን ብትመለስ፣ ማን ማንን ያስተምራል?

«ይጻፉባት» አለ።

«ምን አልክ?»

«ስሕተቱ ላይ ራሱ፣ በራስዎ እጅ ይጻፉበት። ኮፒ አድርገን ለገዙት ሁሉ እናደርሳለን።»

የእህቱ ልጅ ዓይኑ ፈጠጠ። «አጎቴ... በእርሳስ?»

«በእርሳስ አይደለም። በማይጠፋ ቀለም።»

ለመጻፍ መጽሐፏ መዘርጋት ነበረባት። ፊሽካ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ በሁለት መዳፉ ተጫናት፤ ወገቧ «ቀጭ» አለ። አንድ ጊዜ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከዚያ ገጹን በአውራ ጣቱ ደግፎ ያዘላቸው። አሰልጣኙ ሳይቸኩሉ ጻፉ። «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ። አትሞክሩት። ውኃ ውስጥ ራሱን የሳተ ሰው አይጮኽም።»

ልጁ ካሜራውን አወጣ። «ጣትህን አንሣ፣ ወይም በኮምፒውተር አጠፋዋለሁ።»

«ተወው። ልጆቹ ያውቁታል።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱም መዋኛው በር ላይ ነበሩ፤ አሰልጣኙን በመኪና ነው ያመጧቸው። የጠዋቷ ወጣት ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች፣ መልሳ አነበበች።

«አራተኛው ምዕራፍ?» አለች ቀስ ብላ። «ትናንት እኮ ሞክረነዋል። ጓደኛዬ ዓይኔን አጨለመኝ ብላ ወጣች። እኔ... ‹በርቺ› ነበር ያልኳት።»

አሰልጣኙ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው አጠገባቸው ያለውን ቦታ መታ መታ አደረጉላት። ሌሎቹም ከውኃው እየወጡ፣ ፎጣቸውን እንደ ደረቡ፣ በዙሪያቸው ቆሙ። ሽማግሌው ስለዚያ ተማሪያቸው ነገሯቸው። የእህቱ ልጅ ወረቀቱን በነጻ አደለ፤ የቀሩትንም ገዢዎች አድራሻ ከልጆቹ ጠያየቀ።

ሲመለሱ መኪና ውስጥ ልጁ ጠየቃቸው። «ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ መሸጡን ልተወው?»

«ይቺ ገጽ ከፊት ከሆነች ሽጥ። ስለ ድርሻው ከልጄ ጋር ተነጋገር፤ እሷ እንደኔ የዋህ አይደለችም።» ከዚያ ጨመሩ፣ «ሦስተኛው ምዕራፍ ግን ደህና ነው። እሱ ላይ ማንም ሊነካኝ አይችልም።»

ማታ ባለቤቱ መጽሐፏን ከጨርቁ ፈትታ ስታያት ክው አለች።

«አንተ! ወገቧን ሰብረሃታል እኮ! ይኸ ደግሞ ምን ቀለም ነው?»

ፊሽካ ሁሉንም ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ መጽሐፏን ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት፤ ያቺ ገርበብ ብላ ብቻ የኖረች መጽሐፍ ወለል ብላ ተዘረጋች።

«እንግዲህ» አለች ባለቤቱ መብራቱን ወደሱ እየሳበች፣ «ምክንያትህ አለቀ።»

ፊሽካ መነጽሩን አደረገ። እጁን ለመታጠብ ተነሥቶ ነበር፤ መልሶ ተቀመጠና ካቆመበት፣ ከመጀመሪያው ምዕራፍ መካከል ጀመረ።