ማዶክ ባርኔጣውን የወረወረ ዕለት

የበረዶ ሆኪ ሊጉ አዲስ ክለብ ጨምሮ ሰፋ ሲባል አገር ምድሩ አጨበጨበ። ነገሩ እንዲህ ነው። ነባሮቹ ክለቦች የሚወዷቸውን ተጫዋቾች አትንኩብን ብለው ይከልላሉ። የተረፈውን፣ ጉልበቱ የሚንቋቋውን፣ ያረጀውን፣ ካሰልጣኙ ጋር የተኳረፈውን፣ አዲሱ ክለብ መርጦ ይውሰድ ይባላል። መርጦ! ከትራፊ ምርጫ ካለ።

እኛም እንዲህ ተለቃቅመን ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ወረድን፤ በረዶ የሚታወቀው ብርጭቆ ውስጥ ብቻ ወደሆነበት ከተማ። የክለቡ ባለቤት ሚስተር ታይድዌል ፍራሽ ነጋዴ ነበር። ክለብ የገዛው ፊቱ በቴሌቪዥን እንዲታይለት ነው። ስለ ጨዋታው የሚያውቀው በረዶው ነጭ መሆኑን ብቻ ሲሆን፣ እሱንም በፍራሽ ማስታወቂያ ሸፍኖታል። እኔ ተጠባባቂ በረኛ ነበርኩ፤ ሥራዬም ተቀያሪዎች የሚገቡበትን በር መክፈትና መዝጋት። አህያ የሌለው በቅሎ ይንቃል ትሉኝ ይሆናል። በሉኝ። ባለቤቱንም፣ ተመልካቹንም፣ ቡድናችንንም ንቄ ነበር።

ያልናቅሁት ኦሬስት ፓሉክን ብቻ ነው። የካናዳ፣ የሳስካችዋን ገበሬ ልጅ፣ ዝምተኛ ተከላካይ። ለአንድ የሰሜን ክለብ የፊት ጥርሶቹ እስኪረግፉ ተጫውቷል። የዚያ ክለብ አሰልጣኝ ሲሪል ማዶክ፣ የኦሬስት እናት ያቀረበችለትን ድንች የተሞላ ፔሮጊ እየጎረሰ፣ እኔ እያለሁ ልጅሽን ማንም አይወስደውም ብሏት ነበር። ኦሬስት ሳይከለል መቅረቱን የሰማው ከሬዲዮ ነው። ከዚያ ወዲህ ምኞቱ አንድ ሆነ፦ ማዶክ ተሳስቻለሁ ብሎ መልሶ እንዲጠራው። ይህን ሲነግረኝ በሆዴ አዘንኩለት።

በየካቲት የማዶክ ቡድን ሊገጥመን መጣ። በእኛ በሆኪ ተጫዋቾች ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ሦስት ጎል ካገባ ሰዉ ባርኔጣውን አውልቆ በረዶው ላይ ይወረውርለታል። የተወረወረ ባርኔጣ አይጠየቅም፤ የተጫዋቹ ነው። ማዶክ ግራጫ ባርኔጣውን ለማንም ወርውሮ አያውቅም። ጨዋታው ሳይጀመር ኦሬስት ጫማውን እያሰረ፣ ዛሬ ያንን ባርኔጣ አስጥለዋለሁ አለኝ። ተከላካይ ነው፤ በዕድሜው ሦስት ጎል በአንድ ቀን አግብቶ አያውቅም። ሳቅሁበት።

እንደተለመደው ቀጠቀጡን። ነገር ግን ኦሬስት አንድ አገባ፤ ቆይቶ ከሩቅ መትቶ ሁለተኛ ጨመረ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር እንደ ኳስ የምንመታትን ጠፍጣፋ ጎማ ከበረኛቸው እግር ሥር ፈልቅቆ ሦስተኛውን አስቆጠረ። ሰባት ለሦስት።

አንድም ባርኔጣ አልተወረወረም። ያ ሁሉ ሰፊ ባርኔጣ የደፋ ሕዝብ ዝም ብሎ ይበላል። ቴክሳስ ውስጥ ሰው ፈረሱን ያውሳል እንጂ ባርኔጣውን አይጥልም። ኦሬስት መሀል በረዶው ላይ ብቻውን ቆሞ ጠበቀ። እኔ ደግሞ ባርኔጣ የለኝም፤ የማደርገው ጠፋኝ።

ያኔ ማዶክ ከወንበሩ ተነሣ። ባርኔጣውን ቀስ ብሎ አወለቀና ወረወረው።

ከኋላችን የተቀመጠው ሚስተር ታይድዌል የተሰደበ መስሎት ጥበቃዎቹን ጠራ። ክብር ነው ጌታዬ፣ ልማድ ነው አልኩት።

«ለሚሸነፍ ምን ክብር አለው?» አለኝ። «እዚህ አገር ባርኔጣ ከተወረወረ ጠብ ነው። አውጡልኝ!»

ሁለት ጠብደል ሰዎች ማዶክን ብብቱን ይዘው በእኛ በር በኩል አወጡት። ራሰ በራ መሆኑን ያን ጊዜ አየሁ። ኦሬስት ባርኔጣውን አንሥቶ ተንሸራቶ መጣና በሩ ጋ ተገናኙ።

ማዶክ እጁን ዘረጋ። «ተሳስቻለሁ፣ ኦሬስት። ውድድሩ ሲያልቅ ደውልልኝ፤ ላንተ ቦታ አይጠፋም። በል ባርኔጣዬን ስጠኝ፤ እነዚህ ባለጌዎች ራሴን ገልጠው ሊያስወጡኝ ነው።»

የናፈቀው ቃል ይኸው መጣ። ኦሬስት ባርኔጣውን አገላብጦ አየው። ያንን የፍራሽ በረዶ አየ፣ እኔን አየ። እሺ ብሎ ይሄድብኛል አልኩ።

«የተወረወረ አይመለስም፣ ጋሽ ማዶክ» አለው። «ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ኦሬስት ባርኔጣውን በገዛ ራሱ ላይ ደፋው። ማዶክ እየተገፋ ወጣ። ዳኛው በባርኔጣ መጫወት አይቻልም ብሎ ስለጮኸ ኦሬስት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ በሩን ዘጋሁለት። ስምንተኛው ጎል ሲገባብን ቀና ብሎም አላየ፤ የባርኔጣውን ክፈፍ ያስተካክል ነበር።