መድኃኒቱን ማን ይቅመስ

ወይ ጉድ! ባንቺአየሁ የዚያን ቀን ነጠላዋን አጥባ፣ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ የመጣችው ልትሾም ነበር እኮ። ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ሠርቶ ሲቀመጥ ፊታውራሪ እንዳለው አርበኞቻቸውን ይዘው ቆላ ወረዱ፤ ታዲያ እሳቸውን የጣላቸው ጥይት ሳይሆን የገዛ ልባቸው ነው። እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሻቸው አጥሮ፣ የንስሐ አባታቸው ተጠርተው ሳሉ ባንቺአየሁ ደረሰችላቸው።

የልብ መድኃኒቱን ያገኘችው እሷ ናት። አንዱን ሥር ጥላ ሌላውን ስትቀቅል፣ ሁሉንም መጀመሪያ ራሷ እየጠጣች፣ ከሞት አፋፍ የተመለሰችበትም ጊዜ አለ። አሁን ፊታውራሪ በቅሎ ይጋልባሉ። ከየጦሩ የልብ ሕመምተኛ ሲበዛ ሥሩን የሚያስቆፍር፣ ቀማሚዎቹን የሚያዝ፣ አዲሱን መድኃኒት የሚያስሞክር አለቃ ይሾም ተባለ። እሷ ካልሆነች ማን ሊሆን ነው?

ሰው በግራሩ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። ፊታውራሪ ብድግ አሉና፣

«የልብ መድኃኒት አለቃ ክንዱ ነው!» አሉ።

ባንቺአየሁ ክው አለች። ክንዱ? የአክስቷ ልጅ? አምና ሥር ከሥር መለየት ያስተማረችው ክንዱ? ጆሮዋን ማመን አቅቷት ዞር ብትል ሴቶቹ ሳይቀሩ እልል ይላሉ።

«ፊታውራሪ፣ ምን አጠፋሁ?» አለች።

«ምንም አላጠፋሽም፣ ልጄ። ግን ወንድ በሴት ሲታዘዝ የት አይተሻል? አንቺ ቀምሚ፣ እሱ ይዘዝ።»

የንስሐ አባታቸው አባ ገብረሰንበትም፣ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ይባል የለ» ሲሉ አጸኑት።

«አባቴ፣ እርስዎ ፊታውራሪን አናዝዘው ሊፈቷቸው ሲሰናዱ ወንዱ የት ነበር?» አለቻቸው። አባ መስቀላቸውን አገላበጡ።

የፊታውራሪ መድኃኒት መጠጫ ሰዓት ደረሰ። በአገሩ ለትልቅ ሰው የሚጠጣ ነገር ሲሰጥ ሰጪው በመዳፉ አንጠብጥቦ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም ማለት ነው። አዲሱ አለቃ ክንዱ ዋንጫውን ተቀበለና ተገትሮ ቀረ። ባንቺአየሁ ቀምሳ ስትወድቅ አይቷል። ከዚያ ዋንጫውን ወደ እሷ ዘረጋ።

«እቴ ባንቺ፣ አንቺ ቅመሺ። አለቃ አይቀምስም።»

እግዚኦ! አሁንስ ሹመቱን ይነጥቁታል ብላ ፊታውራሪን አየቻቸው። የሾሙት ሰው የተሾመበትን መድኃኒት ሲፈራ በዓይናቸው አይተዋል እኮ!

«ልክ ነው» አሉ ፊታውራሪ። «ቅመሺና ስጪኝ።»

ይኼኛው ውርደት ከመጀመሪያው ባሰ። ግን በቂም ሰው የምትገድል ሴት አይደለችም፤ በመዳፏ ቀምሳ ሰጠቻቸው፣ እሳቸውም ጨለጡት። የሥሩን ከረጢት ከትከሻዋ አውርዳ ክንዱ እግር ሥር አስቀመጠችና መንገድ ጀመረች።

«ወዴት ነው?» አሉ ፊታውራሪ።

«ወደ ቤቴ።»

«ነገስ ማን ይቀምስልኛል?»

«አለቃው አሉልዎ፣ ፊታውራሪ።»

ፊታውራሪ ደረታቸውን ይዘው ወደ ክንዱ ዞሩ። ክንዱ ከረጢቱን አላነሣም፤ እጁን ወደ ኋላው አጣምሮ መሬት መሬት ያያል።