ስለ ሻምበሉ በቅሎ የተጠራው አውጫጭኝ

ስለ ሻምበሉ በቅሎ በተጠራው አውጫጭኝ ላይ፣ ባለፈው ጥር አውድማ ላይ በጥይት የተገደሉት ሃያ ሦስት ሰዎችም ተገኙ። የመጡት ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የሥራ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ በወንዙ በኩል ተከታትለው ገቡና በየአጥቢያቸው ሰው መካከል ተቀመጡ። አጠገባቸው የነበሩት ሰዎች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው።

ጭቃ ሹም ይስማው ነገሩን ያወቀው ከቆጠራው ነው። በማለዳ ሲቆጥር ሁለት መቶ ስልሳ አራት ሰው ነበር። ረፋዱ ላይ ሲደግም ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት ሆነበት። አንዱን ከአንዱ ቀነሰና ቀና ብሎ ፊታቸውን አየ። ሦስተኛ መቁጠር አላስፈለገውም።

ይስማው ቁጥር አይስትም። ያለ አባት ያለ ርስት፣ በሰው ቤት እንጨት እየፈለጠ አድጎ ለሹመት የበቃው በዚሁ ነው። የአገሩን ጎጆ፣ በሬ፣ የንብ ቀፎና ነፍሰ ጡር ሁሉ በቃሉ ያውቃል። ሚስቱ «ሰው አይቆጠርም፣ ደግ አይደለም» ስትለው ይስቅባት ነበር።

ወደ ሻምበሉ ጠረጴዛ ሄዶ ነገረው። ሻምበሉ የባዕዱ ጦር አዛዥ ነው፤ ጦሩ አገሩን ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱን ጨርሷል። አስተርጓሚው ዘውገ ከጎኑ ቆሟል።

«ሞተዋል ብለህ አስመዝግበህ የለም ወይ?» አለ ሻምበሉ በዘውገ አፍ።

«አስመዝግቤ ነበር።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«አዋጁ የአገሩ ሰው አንድም ሳይቀር ይምጣ ይላል፣ ጌታዬ። የቀረ ቤቱ ይቃጠላል ይላል።»

«የእነሱ ቤት ተቃጥሏል።»

«ተቃጥሏል። ቢሆንም መጥተዋል።»

ሻምበሉ ጥቂት አሰበና ውሃ እንዳይሰጣቸው አዘዘ። እነሱም አልጠየቁም።

አውጫጭኝ የአገሩ የራሱ ሥርዓት ነው። ጥፋት ደርሶ አጥፊው ሲሰወር ሰው ሁሉ በአንድ አጥር ውስጥ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ እየማለ የሚያውቀውን ይናገራል፤ አጥፊው በስሙ እስኪጠራ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሻምበሉ ይህን ከመጽሐፍ አንብቦ ወዶታል። በቅሎዋ እሑድ ከታሰረችበት ጠፋች። ሰኞ ነጋሪት ተጎሰመ፤ ከመንደሩ በላይ ያለው ሜዳ በአጋምና በቀጋ እሾህ ታጠረ፤ ሰውም ተነድቶ ገባ። ወሩ ኅዳር ነው። ገብሱ ደርሶ አጫጅ ይጠብቃል፤ አንድ ሳምንት ከዘገየ ይረግፋል። ከአጥሩ ውስጥ ሆኖ ማሳውን የማያይ አልነበረም።

ለሃያ ሦስቱ ሰዎች ነጋሪት አልተጎሰመም። ማን ገደላቸው ብሎ የጠየቀ ሹም አልነበረም። ማልቀስም ተከልክሎ ነበር፤ ሐዘን የተቀመጡ ሁለት ሴቶች በአደባባይ ተገርፈዋል። ለበቅሎ ግን አገር ታጎረ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መኪና መጣና ከሻምበሉ ጎን የተቀመጠውን አገረ ገዥ ወሰደው፤ በምትኩ ሌላ አወረደ። ጦሩ በግንባር ሲቀናው ቁጡ ሹም ይልካል፤ ሲመታ ደግሞ ፈገግ የሚል ሹም ይልካል። ሁሉም የአገሩ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም የባዕድ ኒሻን ደረታቸው ላይ አለ። አዲሱ ሹም የፊተኛው የተናገረውን ሁሉ ሻረ፣ ሕዝቡን አስጨበጨበ፣ አውጫጭኙንም ከመጀመሪያው ሰው አስጀመረ። ሙታኑ አላጨበጨቡም። ይህም ተመዘገበ።

«ይኸኛው ስንት ቀን ይቆይ ይሆን?» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ።

«ካፖርቱን አላወለቀም» አለው ጎረቤቱ።

ሐሙስ ተራው ለሙታኑ ደረሰ። መጀመሪያ የተነሣው ቸኮል ነው፤ በሕይወቱ የይስማው ጎረቤትና የማኅበር ጓደኛ፣ በሰው ላይ መቀለድ የሚወድ ሰው ነበር። የሚያስምሉት ቄስ መስቀሉን ሊዘረጉለት ትንሽ አመነቱ፣ ከዚያም ዘረጉለት። ተሳለመና ማለ።

«በቅሎ አይተሃል?» አለ ዘውገ።

«አላየሁም። ከጥር ወዲህ ብዙ ነገር አላየሁም።»

ሰዎች ሳቁ። ከወታደሮቹ አንዱም ዘግይቶ ሳቀ።

«እንግዲያው የምታውቀውን ተናገር።»

«ጥር አሥራ ሦስት ቀን ገብስ ስንወቃ ወታደር መጥቶ ገደለን። ያዘዘው ይኼ ጠረጴዛው ላይ ያለው ነው።»

«ይህን አልተጠየቅህም።»

«የምታውቀውን አላችሁኝ እኮ። የማላውቀው አንድ ነገር ነው። እኛ ሃያ ሦስት ነበርን፤ እነሱ ሃያ ሦስት ጥይት ይዘው መጡ። አልተረፈም፣ አልጎደለም። ቁጥራችንን ማን ሰጣቸው?»

ተቀመጠ። ሌሎቹም አንድ በአንድ እየተነሡ ይህንኑ ተናገሩ። መጨረሻ የቆመችው እትዬ ንጋቷ ናት። «እኔ እንኳ ውሃ ላደርስ ነበር የመጣሁት» አለች። «እንስራዬን ሳላወርድ ነው የመቱኝ። እኔን ደግሞ ከእነሱ ጋር ማን ቆጠረኝ?»

የቆጠራት ይስማው ነው። በዚያን ቀን ጠዋት የሻምበሉ አሥር አለቃ ወረቀትና እርሳስ ይዞ መንገድ ላይ አገኘው። አውድማ ላይ ለሚሠሩት በነፍስ ወከፍ ጨው ይታደላል አለው። ስንት ናቸው? ይስማው ወደ አውድማው መለስ ብሎ አየና «ሃያ ሁለት» ሊል ሲል እንስራ ተሸክማ ሽቅብ የምትወጣውን ንጋቷን አየ። ጨው እንዳይቀርባት ብሎ ጨመራት። «ሃያ ሦስት» አለ፤ «በሬዎቹን ሳይጨምር።» አሥር አለቃው አመሰገነው፤ እሱም ደስ አለው። እኩለ ቀን ላይ ተኩስ ሰማ። ልማድ ሆኖበት ተኩሱንም ቆጠረ። ሃያ ሦስት ላይ ቆመ።

አሥር ወር ሙሉ ይህን ለሚስቱም አልተናገረም። ቢታወቅ ከማኅበሩ የሚያስገባው የለም፤ ሴት ልጆቹን የሚጠይቅ የለም፤ ሲሞትም አስከሬኑን የሚያነሣ አይገኝም። አገሩን አንድ በአንድ ስለሚያውቅ ማን ምን እንደሚል አስቀድሞ ያውቀዋል።

ቅዳሜ ሦስተኛው አገረ ገዥ መጣ። ፈገግ የሚል ነው። ነገሩን ከሰማ በኋላ ብልሃት አመጣ።

«ከሟቾቹ የአንዱን ስም ጥሩ» አለ። «በቅሎዋን እሱ ሰረቀ ይባል። ሞቶ የለም ወይ፣ ምን ይጎዳል? እናንተም ወደ ገብሳችሁ ትሄዳላችሁ።»

ሻምበሉ ተስማማ። ለሪፖርቱ ስም ብቻ ነበር የጎደለው። የሕዝቡ ዐይን ማሳው ላይ ነው። ስሙን የሚጠራው ጭቃ ሹሙ ነበርና ሁሉም ወደ ይስማው ዞረ። ይስማው ደግሞ ወዲያው አሰላው፦ አንድ ስም ከተጠራ አውጫጭኙ ያበቃል፤ የቸኮልም ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል።

«ቸኮል በልና ነገሩ ይለቅ» አለው ዘውገ በሹክሹክታ።

ይስማው ሄዶ ቸኮል ፊት ቆመ።

«በል እንጂ» አለ ቸኮል። «ገብሱ እኮ መርገፍ ጀምሯል። እኔም ከእንግዲህ ሌባ ብባል ሚስት የምጠይቅ መሰለህ?»

«ትስማማለህ?»

«እስማማለሁ። ብቻ መጀመሪያ ለጥያቄዬ መልስ ስጠኝ። አንተ የማትቆጥረው ነገር የለም።»

ይስማው አፉን ከፈተ። የቸኮል ስም ምላሱ ላይ ነበር። ዞር ሲል ሻምበሉ ስሙን ሊጽፍ ብዕሩን ቀስሮ፣ ልክ ያ አሥር አለቃ መንገድ ላይ እንደ ቆመው ሆኖ ሲጠብቀው አየ። ቁጥር ሲፈልጉ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ስም ሲፈልጉ ስም ይሰጣቸዋል። እህል እንደሚሰፈርበት ቁና አድርገው ሲሰፍሩበት ኖረዋል። ንዴቱ ከእግሩ ጀምሮ ወጣ። ጸጸት ያላናገረውን ንዴት አናገረው።

«ቁጥሩን የሰጠሁ እኔ ነኝ» አለ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ጨው ይታደላቸዋል ብሎኝ። የጠየቀኝ አሥር አለቃው ነው። የላከውም፣ ያስገደላቸውም ይኼ ሻምበል ነው። የበቅሎዋን ሌባ አላውቅም።»

ዘውገ አልተረጎመም።

«ለጨው ነው እንዴ?» አለች ንጋቷ።

«ለጨው ነው።»

«ጨው እንኳ አላለቀብኝም ነበር።»

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጠው ተነሣና ነጠላውን አጣፋ። «አጥፊው ተገኝቷል» አለ። በሥርዓቱ መሠረት ከዚህ ወዲያ የሚቀር ነገር የለም። ሰው ብድግ ብድግ እያለ ወጣ። ወታደሮቹ ትእዛዝ ለመቀበል ሻምበሉን አዩ፤ ሻምበሉ ዘውገን ፈለገ፤ ዘውገ ከሕዝቡ ጋር ወጥቷል። አገረ ገዥውም ከፈገግታው ጋር ወጣ። ሕዝቡ ማጭዱን ሊያነሣ ሲሮጥ ወታደሮቹ ሊመልሱት ተከትለው ወጡ። ይስማውን ያየው ሰው አልነበረም፤ ሚስቱም አጠገቡ ስታልፍ መንገድ መንገዱን ነበር የምታየው።

በሥርዓቱ አጥፊ ተብሎ የተጠራ ከአጥሩ አይወጣምና ይስማው መሬት ላይ ተቀመጠ። ሻምበሉም ተጠርቷል፤ ይህን ግን ከመጽሐፉ ያነበበው አይመስልም። ወረቀት ስቦ መጻፍ ጀመረ።

ሙታኑ የበሩን እሾህ ወደ ቦታው መለሱና በአጥሩ ዙሪያ ተራርቀው ቆሙ። ሻምበሉ ለመጻፍ ሲያጎነብስ፣ እያንዳንዳቸው ፊታቸው ያለውን እሾህ አቅፈው አንሥተው አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ያስገቡታል። ቀና ሲል ቆመው ያገኛቸዋል። እንደገና ያጎነብሳል።

ስምንት ሰዓት ላይ አራተኛው አገረ ገዥ በመኪና ደረሰ። ከወታደሮቹ ጋር አጥሩን ሁለት ጊዜ ዞረው። በር አላገኘም። ማንንም ሳያስጨበጭብ ወደ ከተማ ተመለሰ። ከታች ከማሳው የማጭድ ድምፅ ይሰማል፤ ገብሱ እየታጨደ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ይስማው ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። በእሾሁ ክፍተት ሁሉ ፊት አለ። አንድ የቀጋ ቅርንጫፍ የጠረጴዛውን እግር ነካ፣ ከዚያም የሻምበሉን እጅጌ ያዘ። ሻምበሉ እጁን ሳያላቅቅ ወረቀቱን ገለበጠና በጀርባው መጻፉን ቀጠለ።