የዝናሽ መርዶ

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ዋግ ውስጥ የማያውቅ የለም። በማለዳ ይኬዳል፤ ሰውየው ገና ከቤቱ ሳይወጣ። ብቻ አይኬድም፣ ሲወድቅ የሚይዙት ሰዎች ግራና ቀኝ ይቆሙለታል። አፍ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። የይታየሽም ሐሳብ ይኸው ብቻ ነበር፤ የሟቿን የዘመናይን ልጅ በወጉ ማርዳት።

ይታየሽ ሰቆጣ ዙሪያ ያለ የፈታዮች ማኅበር መዝጋቢ ናት። ስምንተኛ ክፍል ስለደረሰች የማኅበሩ ስልክ ለእሷ ተሰጠ። ሴቶቹ የፈተሉት ጥጥ አዲስ አበባ ተሸምኖ፣ ሻርፕ ሆኖ ባሕር ማዶ ይሄዳል። እዚያ ሻርፑን የሚገዛ ሰው ታዲያ የዋዛ አይደለም፤ ማን ፈተለው፣ መቼ ፈተለው፣ ሕፃን ልጅ አስፈትላችሁ እንደሆነስ ይላል። ስለዚህ ይታየሽ እያንዳንዱን ልቃቂት መዝና፣ ፎቶ አንስታ፣ በፈታይዋ ስም ታስገባለች፤ ኢንተርኔት ያለው ሰቆጣ ስለሆነ ገበያ ስትወጣ ይሄድላታል። ሻርፑ ላይ የተሰፋውን ምልክት በስልኩ ያነሳ ሁሉ የፈታይዋን ገጽ ያገኛል፤ ፊቷን፣ ቀዬዋን፣ የሰሞኑን ፈትሏን።

ከገዢዎቹ ሁሉ አብልጣ ያንን ገጽ የምታየው ግን ቤይሩት ያለችው ዝናሽ ነበረች። የዘመናይ አንድ ልጇ ናት፤ ሰው ቤት ከገባች ሦስት ዓመቷ። ማዳሟ እንደልቧ አታስደውላትም፤ ገጹን ግን ተደብቃ ትከፍተዋለች። «እናቴ ዛሬም ፈትላለች ካልኩ ያን ቀን ሥራው አይከብደኝም» ብላ ለይታየሽ በድምፅ ልካላት ነበር።

ዘመናይ ስትታመም ይታየሽን አስማለቻት። «ልጄ ከሰማች ሁሉን ጥላ ነው የምትመጣው፤ ልፋቷን ውኃ ይበላዋል። አደራሽን፣ ገጼ ባዶ አይሁን» አለቻት። ምን ይደረግ? ሴቶቹ ድሮም እንዲህ ናቸው፤ አንዷ ስትወልድ ወይ ስትታመም የእሷን ድርሻ ይፈትሉላታል። ባዘቶዋን ተከፋፈሉት፣ ልቃቂቱም በዘመናይ ስም ገባ። ውሸት ነው ብትሏቸው ይቀየሟችሁ ነበር። የዘመናይ ሥራ ነው፤ እጁ የማንም ይሁን።

ከሦስት ሳምንት በፊት ዘመናይ ሞተች። ቀበሯት፣ አለቀሱላት፣ ከዚያ እንዝርታቸውን መልሰው አነሱ፤ ገጹ ድንገት ቢቆም ዝናሽ በሰው አገር ብቻዋን ሆና ትጠረጥራለችና። ይታየሽ እስከዚያው እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ቤይሩት የምትሠራ ዮርዳኖስ የምትባል የጋዝጊብላ ልጅ አፈላልጋ አገኘች። ዮርዳኖስም አሠሪዋን ለምና፣ ለምና ለእሑድ ፈቃድ አገኘች፤ ሁለት ያገር ልጆች ይዛ በማለዳ ልትሄድ፣ ዝናሽን አቅፋ ልትነግራት።

ሐሙስ ዕለት መዝገቡን የሚያጣራው ተቆጣጣሪ ከሰቆጣ መጣ። ሰማኸኝ ይባላል፤ ትሑት ልጅ ነው፣ ልወቅሰው አፌ አይደፍርም። የመጣው የፈታዮቹን ፎቶ ሊያድስ ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ አነሳና «ወይዘሮ ዘመናይስ?» አለ።

ሴቶቹ ወደ ይታየሽ ዞሩ።

«ሞታለች» አለች ይታየሽ። ፊት ለፊት መዋሸት አልሆነላትም።

መቼ እንደሆነ ሲሰማ ሰማኸኝ ስልኩን አየ፣ ደግሞ እሷን አየ። «እትዬ ይታየሽ፣ ታዲያ ባለፈው ሳምንት የገባው ልቃቂት የማን ነው? ይኼ ቢታወቅ እኮ ማኅበሩ እንዳለ ይሰረዛል!» እያለ ጣቱ አላረፈም፤ ገጿ ላይ መሞቷን ሞላ፣ ቀኑን ሞላ፣ ላክ የሚለውን ነካ።

«ኧረ በማርያም!» ይታየሽ ክንዱን ያዘችው። «ምን አደረጉ ወንድሜ? ልጇን ገና አላረዳናትም እኮ!»

ስለ ቤይሩት፣ ስለ ገጹ፣ ስለ እሑድ ነገረችው። የሟች ጎረቤት ደመቀች ነጠላዋን አደግድጋ እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። የሰማኸኝ ፊት ተለወጠ። «አይዞዎት እትዬ። እዚህ የሚሠራው ድምፅ ብቻ ነው፣ ኢንተርኔት የለም። ስልኩ ውስጥ ነው ያለው፣ አልሄደም። ከተማ ስደርስ ሳይላክ አጠፋዋለሁ፤ እስከ ሰኞ ዳግመኛ አላስገባውም» ብሎ ማለላቸው። እነሱም መርቀው ሸኙት።

ምን ያደርጋል! ስልክ መሐላ አያውቅ። ሰማኸኝ በሞተሩ ዳገቱን ሲጨርስ ስልኩ ኔትወርክ ያዘና፣ ኪሱ ውስጥ እንዳለ የተቀመጠው ሁሉ በራሱ ጊዜ ሄደ። ሰቆጣ ደርሶ ሲከፍተው ነገሩ አብቅቷል።

«ሄደብኝ፣ እትዬ» አለ ደውሎ። «አንዴ የገባ አይጠፋም። ሰው እንዲያምነው ብለው ነው እንዲህ የሠሩት።»

ይታየሽ እዚያው ሴቶቹ መሐል ሆና ለዮርዳኖስ ደወለች፤ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች። ሦስተኛውን ስትሞክር ያ ረጅሙ የውጭ ቁጥር ራሱ ገባ።

«እትዬ ይታየሽ» አለች ዝናሽ በሹክሹክታ። ከኋላዋ ውኃ ሲፈስ ይሰማል። «ያየሁት እውነት ነው?»

ስንቱን ሰው ስታረዳ የኖረች ሴት «እናትሽ...» ብላ ቀረች።

«ባለፈው ሳምንት አራት ልቃቂት ነበር እኮ! አይቻለሁ!»

«እኛ ነን፣ ልጄ። እኛ ነን የፈተልነው።»

ከዝናሽ ኋላ የሚፈሰው ውኃ ድምፁ ጨመረ።

«አልቅሺ እንጂ የኔ ልጅ፣ ይውጣልሽ።»

«አልችልም። መታጠቢያ ቤት ነኝ፣ ቧንቧውን ከፍቼ ነው የማወራሽ። እንግዶች አሉ፤ ድምፄ ከተሰማ ማዳም ስልኩን ትቀማኛለች። እናንተ አልቅሱልኝ። በእኛ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ። እኔ እሰማለሁ።»

ይታየሽ የስልኩን ድምፅ ለቀቀችውና መሬት ላይ አስቀመጠችው። ሴቶቹ ከበቡት። ደመቀች የዘመናይን ስም ጠርታ፣ ልጇን ጠርታ ጀመረች፤ ሌሎቹ ደረታቸውን እየደቁ ተቀበሏት። ለቀብሩም እንዲህ አላለቀሱም። ከወዲያ በኩል የቧንቧው ውኃ ብቻ ይፈሳል። ቆይቶ በር ተደበደበ፣ በዐረብኛ የሚቆጣ የሴት ድምፅ ተሰማ። ደመቀች ደንግጣ አቋረጠች።

«አታቁሙ» አለች ዝናሽ። «እባካችሁ፣ ትንሽ።»

ቀጠሉ። ውኃው ተዘጋ፣ ወዲያውም ስልኩ ተቋረጠ። ሴቶቹ አላወቁም፤ በልቅሶው መሐል ነበሩ። ያየችው ይታየሽ ብቻ ናት። አልነገረቻቸውም፤ አብራቸው አለቀሰች።