ፓውዛና የአምሐ ዓሦች

ከበበው ንፍሮውን ከመዳፉ እየቃመ፣ በመሃል በመሃሉ «የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል!» ይላል። የቀበሌው ሊቀመንበር ነውና ከአግዳሚው ግማሹ ለእሱ ተለቋል። ሌላው ለቀስተኛ በተረፈው ግማሽ ላይ ተጣቦ ተቀምጧል። የነሐሴ ዝናብ የእድሩን ድንኳን ይደበድባል። መካኒሳ ክረምት ላይ ሰው ከሞተ ጭቃውም አብሮ ለቅሶ ይደርሳል፤ የገባው ሁሉ በጫማው ይዞት ነው የሚመጣው።

አረጋሽ ከፍራሹ ላይ ሆና ታየዋለች። አንድ ልጇን አምሐን ትናንት ነው የቀበረችው። ንፍሮው ባነቀው ብላ ተመኘች። አላነቀውም። ንፍሮ ደግ ሰው እንጂ ክፉ ሰው አንቆ አያውቅም።

«ኩላሊት መጥፎ በሽታ ነው» አለ ከበበው አጠገቡ ላለው ሰው። «ወጣት ሽማግሌ አይልም።»

ሰውየው አንገቱን ነቀነቀ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ የአምሐ ኩላሊት በምን እንደታመመ ያውቃል። በዚያ ክፉ የቀይ ሽብር ዓመት፣ ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ጊዜ፣ ከበበው አምሐን ከቤቱ አውጥቶ በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አስሮት ነበር። የብረት ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ፓውዛ ፊቱ ላይ አብርተው፣ እንቅልፍ ነስተው፣ እየደበደቡ ነው የመረመሩት። ሲወጣ ደም ይሸና ነበር። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። አረጋሽም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰው እየሰማ፣ ከገዛ አፉ «እኔ ነኝ» እንዲል። ያን ካልሰማሁ ልጄን አልቀበርኩትም ብላ ለራሷ ምላለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ከበበው ንፍሮውን ጨርሶ እጁን ጠረገና መጥቶ ፍራሿ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«እትዬ አረጋሽ፣ እግዜር ያጥናዎት። በዚህ ሰዓት ባላስቸግርዎት ደስ ይለኝ ነበር።»

ልጇን ሊወስድ የመጣ ዕለት «አንቺ» ብሏት ነበር። ጉዳይ ያለው ሰው አፉ ይጣፍጣል።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«እነዚያ የአምሐ ዓሦች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አልታይ አሉኝ። አዳራሹ ውስጥ ፓውዛውን ስናበራ ጥግ ላይ አንዱ ባንዱ ላይ ይከመራሉ። አንዳንዶቹ ከመስተዋቱ ጋር ተላትመው ሞቱ። ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች የአብዮቱን አሥረኛ በዓል ዝግጅት ሊያዩ ይመጣሉ። የቀበሌያችን የዓሣ ሀብት ብዬ አስመዝግቤያለሁ። ባዶ ውሃ ላሳያቸው ነው? አምሐ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በመብራት ፊት እንዴት ነበር የሚያስወጣቸው?»

 አረጋሽ የልጇን ስም ከከበበው አፍ ስትሰማ ጥርሷን ነከሰች።

አምሐ ከእስር የወጣ ሰሞን እራቱን በጨለማ ነበር የሚበላው። አምፖል ሲበራ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ያ ተማሪ የሚወደው የባዮሎጂ አስተማሪ፣ እናቱ መስኮት ስትከፍት የሚደነግጥ ሰው ሆነ። አንድ ቀን ብቻውን ወጥቶ ወደ ወንዙ ወረደና ጣት የማያካክሉ ቡናማ ዓሦች በጣሳ ይዞ ተመለሰ። ትምህርት ቤቱ የጣለውን የተሰነጠቀ የመስተዋት ገንዳ ለምኖ አመጣ፤ ስንጥቁን በስቱኮ ደፈነው።

መጀመሪያ አምፖል ያበራባቸው ቀን ዓሦቹ ጥግ ላይ ተከምረው ደርቀው ቀሩ። አረጋሽ ሞቱ ብላ ጮኸች። አምሐ ሳቀ። ከእስር ወዲህ ሲስቅ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር።

«አልሞቱም እማዬ። ዓሣ እኮ የዓይን ቆብ የለውም፤ ብርሃን ሲበዛበት እንደኛ አይጨፍንም። የሚጠለልበት ከሌለው ይጨንቀዋል።»

ከዚያ በኋላ የገንዳውን ጀርባና ጎን በጥቁር ወረቀት ሸፈነ። ከወንዙ ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥቶ ዋሻ ሠራላቸው፤ ወለሉ ላይ ጥቁር ጠጠር በተነ፤ ውሃው ላይ ቅጠል አንሳፈፈ። አምፖሉንም በወረቀት ጋርዶ ወረቀቱን ቀስ በቀስ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀደደው። መግቢያ እንዳላቸው ሲያውቁ ዓሦቹ መውጣት ጀመሩ። አረጋሽ ከዓሦቹ ይልቅ ልጇን ነበር የምታየው። ወረቀቱ ተቀድዶ ባለቀ ጊዜ አምሐም አምፖሉ ሥር ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ያነብ ነበር።

ይህን ገንዳ ነበር ቀበሌው ዘንድሮ ለበዓሉ «ለሕዝብ ይጠቅማል» ብሎ የወሰደው። ድንጋዩንና ቅጠሉን ቆሻሻ ነው ብለው ጣሉት፤ ጥቁሩን ወረቀት ልጠው ከኋላው ነጭ አቡጀዴ ወጠሩ፤ መፈክር ጻፉበት፤ ፓውዛ ደቀኑበት። አምሐ የታመመ ሰውነቱን እየጎተተ ድንጋያቸውን ብቻ መልሱላቸው ብሎ ሊለምን ሄደ። ከበበው ከበር መለሰው። ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልተነሳም።

«ሳልስቱ ይውጣና እመጣለሁ» አለች አረጋሽ።

ሳልስት በወጣ ማግስት ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ ገዲሴ ምሳ ይዛ ስትመጣ አረጋሽ ጫማዋን አድርጋ አገኘቻት።

«አረጉ፣ አብደሻል? ሐዘንተኛ ከፍራሽ ተነስቶ የት ይሄዳል? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ዝም ነው የሚለው። ዝም ማለት ለምዷል። ይልቅ ባልዲ ያዢና ከወንዙ ድንጋይና ቅጠል ልቀሚልኝ።»

«ለዚያ ለጅብ ልትሠሪለት ነው?»

«አብረሽኝ ነይና እይ።»

አዳራሹ ውስጥ የሴቶች ማኅበር አባላት ባለቀለም ወረቀት እየቆረጡ ይሰቅላሉ። አረጋሽ በሐዘን ልብሷ ስትገባ መቀሶቹ ሁሉ ቆሙ። ገንዳው መድረኩ አጠገብ ተቀምጧል። ፓውዛው ውሃውን እስከ ታች ወለል አድርጎ አብርቶታል። ዓሦቹ ጥግ ላይ ተከምረው ይንቀጠቀጣሉ።

«ያ የብረት ወንበር አለ?» አለች።

ገንዳው አጠገብ የነበረው ከበበው ቀና አለ። «የቱ?»

«አንተ ታውቀዋለህ። አምጣው።»

አመጣው። አረጋሽ ከገንዳው አጠገብ አስቀመጠችውና ፓውዛውን ወደ ወንበሩ አዞረችው።

«ተቀመጥ። ዓሣ መብራት የሚለምደው መብራት ውስጥ ሳይነቃነቅ የሚቀመጥ ሰው ሲያይ ነው።»

አምሐ እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም። ገዲሴም ታውቃለች፤ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ሌላ ሰው ባስቀምጥስ?»

«ለእንግዶቹ የምታስጎበኘው አንተ አይደለህ? አንተን ነው መልመድ ያለባቸው። ዓይንህን ደግሞ እንዳትጨፍን። እነሱ ቆብ የላቸውም፤ የሚርገበገብ ዓይን ያስበረግጋቸዋል።»

ከበበው ተቀመጠ። ሹመት የሚወድ ሰው ምን የማይሆነው አለ! ብዙም ሳይቆይ ግንባሩ በላብ ወረዛ፤ ዓይኑ ቀልቶ እንባው ወረደ። ሊጠርገው እጁን ሲያነሳ «አትነቃነቅ!» አለችው። እጁን መለሰ። አረጋሽ ከጥላው ውስጥ ቆማ ታየዋለች። ደስ አላት። በልጇ ሐዘን መሃል ደስ አላት፤ ለዚያም አላፈረችም።

«ይበቃል፣ እትዬ?»

«ገና ነው። ድምፅህንም መልመድ አለባቸው። የምጠይቅህን ጮክ ብለህ መልስ።» ወደ ፊት ራመድ አለች። «ልጄን እዚህ ወንበር ላይ ነው ያስቀመጣችሁት?»

«እትዬ አረጋሽ፣ ያለፈ ነገር…»

«ተወው እንግዲህ። እኔ ወደ ፍራሼ ልመለስ፣ አንተም ለእንግዶችህ ውሃ አሳያቸው።»

ከበበው ወደ ገንዳው አየ። ቀጥሎ ወደ በሩ። ፓውዛው ፊቱን ይለበልበዋል።

«እዚህ ነው» አለ።

«ጮክ በል።»

«እዚህ ነው!»

«መብራቱን ያዘዘው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ዱላውንስ?»

«ሌሎቹ ናቸው… እኔም መትቻለሁ። ጊዜው ነው እትዬ፣ ጊዜው ነው የመታው።»

«ጊዜ እጅ የለውም» አለች አረጋሽ። «የመታው ማነው?»

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ አልኩ!»

 ወረቀት ሲቆርጡ የነበሩት ሴቶች አንዳቸውም ዓይናቸውን ከወንበሩ ላይ አላነሱም።

አረጋሽ ፓውዛውን አጠፋችው። የጣሪያው ደብዛዛ አምፖል ብቻ ቀረ። ከገዲሴ ባልዲ ድንጋዮቹን እያወጣች ልጇ ያደርገው እንደነበረው ደረደረቻቸው፤ ቅጠሉን አንሳፈፈች፤ ከሴቶቹ ጥቁር ወረቀት ተቀብላ የገንዳውን ጀርባ ሸፈነች። ዓሦቹ ከድንጋዮቹ ሥር ተሸጎጡ፤ ትንሽ ቆየ። አንዱ ዓሣ አፍንጫውን ከድንጋዩ ሥር አወጣ። ሌላው ተከተለው።

«ወጡ!» ብሎ ከበበው ከወንበሩ ዘለለ። «ወጡ እኮ! እትዬ አረጋሽ፣ እድሜ ይስጥዎት! ነገ ይኸንን ቢያዩ…» ባልደረቀ ፊቱ ይስቃል፤ እጁን ያፋትጋል።

አረጋሽ አየችው። አሁን የተናገረውን ረስቶታል። ቃሉን ስትሰማ አንጀቷ ቅቤ የሚጠጣ መስሏት ነበር። ለእሱ ግን ቃሉ ምንም አላስከፈለውም፤ እንደ ንፍሮ ፍሬ ከአፉ ወድቆ ቀረ። እንደዚያን ጊዜ ተናድዳ አታውቅም።

ባዶውን ባልዲ ከገንዳው ውሃ ሞላችው። ነጠላዋን ሰብስባ እንደ ወንፊት ይዛ ዓሦቹን አንድ በአንድ ታወጣቸው ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ከበበው። አንቱታው ጠፋ። «የመንግሥት ንብረት ነው!»

ወደ እሷ ሲራመድ ከሴቶቹ አንዷ መቀሷን እንደያዘች ተነስታ መሃላቸው ቆመች። ሌላዋ ተከተለቻት። ሁሉም ተነሱ።  ከበበው አንዷን ገፍቶ ሊያልፍ እጁን ዘረጋ፤ ዓይናቸውን ሲያይ መለሰው።

«እንግዶቹስ? ምን ላሳያቸው?»

አረጋሽ የመጨረሻውን ዓሣ ባልዲው ውስጥ ጨመረች። «ወንበሩ አለልህ» አለችው። «እሱን አሳያቸው።»

ሲወጡ ዝናቡ አባርቷል። ደመናው ተሰንጥቆ የክረምት ፀሐይ ዓይን የሚያጠፋ ብርሃኑን በኩሬው ሁሉ ላይ ለቆታል። ገዲሴ «ያስሩሻል አረጉ፣ ነገ ያስሩሻል» እያለች ከኋላ ትከተላለች።  በባልዲው ውስጥ ዓሦቹ ከዳር ዳር ይሯሯጣሉ፤ የሚገቡበት ጠፍቷቸዋል። አረጋሽ ከመንገዱ መሃል ቆመች። ባልዲውን በግራ እጇ አቅፋ ቀኝ መዳፏን ዘረጋችና ውሃው ላይ ጥላ ጣለችላቸው። ዓሦቹ ከመዳፏ ሥር ተሰብስበው ጸጥ እስኪሉ ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም።